ልጅዎ በሰዓት 95 ማይል ይወረውራል። ክርኑስ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ 21 ዓመቱ ነው፤ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪና የቤዝቦል ቡድኑ ፒቸር ነው። እኔ እግር ኳስ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ቤዝቦልን ያስተማረኝ እሱ ነው። ዘንድሮ 12 ጨዋታ ጀምሮ 68 ኢኒንግ ወርውሯል። 88 ስትራይክአውት አለው፣ 41 ዎክ ሰጥቷል፣ ኢአርኤው 5.16 ነው። ጁላይ ላይ ድራፍት አለ። አንድ ኤጀንት ነኝ ያለ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ “በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ይመረጣል፤ ትምህርቱን ይተውና ከእኔ ጋር ይፈርም” አለን። እናቱ ዲግሪውን ሳይዝ አይሆንም ትላለች። እኔ ደግሞ ኢአርኤው እንዲህ የተበላሸ ልጅ ማን ይወስደዋል እላለሁ። ከኤፕሪል ወዲህ ክርኑን ትንሽ ያመዋል፣ ግን ደህና ነኝ ይላል። በእውነት ፕሮፌሽናል ይወጣዋል? እንፈርም?»

አባት ከጥያቄው ጋር የየጨዋታውን ዝርዝር፣ የቡድኑን የመለኪያ ወረቀትና ከአጥር ኋላ በስልክ የተቀዱ ሁለት ቪዲዮዎች ልከውልኛል። የምመልሰው እነሱን አይቼ ነው። ልጁን በአካል አላየሁትም። ቤዝቦልን ለማያውቅ አንባቢ፦ ፒቸር ለመቺው ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች ነው፤ ኢኒንግ ከጨዋታው ዘጠኝ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ስትራይክአውት ፒቸሩ መቺውን አስቶ ሲያስወጣው ነው፤ ድራፍት ደግሞ የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው ሊግ) ክለቦች አዲስ ተጫዋች በተራ የሚመርጡበት ነው። ወደ ኢአርኤ ኋላ እመለሳለሁ።

ከመጨረሻው ልነሳ። «ትንሽ ያመዋል» ብለው ጣል አድርገው ያለፉት ነገር ከኢአርኤውም፣ ከኤጀንቱም፣ ከዲግሪውም ይቀድማል። ዝርዝሩን ቁጭ ብዬ ሳየው የቀረው ጥያቄዎ በሙሉ እዚያው ክርን ላይ ተሰብስቦ ነው ያገኘሁት።

41 ዎክ አለው ብለዋል። ዎክ ማለት ፒቸሩ አራት የተበላሸ ኳስ ወርውሮ መቺውን በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲሰደው ነው። ቁጥሩን በጥቅሉ ያየ ሰው «ልጁ ኳሱን መቆጣጠር አይችልም» ይላል። እስቲ ለሁለት ይክፈሉት። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች 36 ኢኒንግ ወርውሮ የሰጠው 14 ዎክ ነው። በኋለኞቹ ስድስት ጨዋታዎች በ32 ኢኒንግ 27 ሰጠ። በዘጠኝ ኢኒንግ ሲሰላ ከ3.5 ወደ 7.6 ማለት ነው። ፍጥነቱም አብሮ ወርዷል። በፌብሩዋሪና በማርች ፋስትቦሉ (በሙሉ ኃይል የሚወረውረው ፈጣን ኳስ) በሰዓት ከ93 እስከ 95 ማይል ነበር። ባለፉት ሦስት ጨዋታዎች ከአራተኛው ኢኒንግ በኋላ 90 እና 91 ነው የሚያሳየው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ኳስ መወርወር የሚረሳ ልጅ የለም። ፍጥነትም ቁጥጥርም ባንድ ጊዜ ሲሸሹ፣ በዚያ ላይ ክርን ሲያም፣ ስካውቶች (ለክለብ ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎች) መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ክንዱን ነው።

ሁለተኛውን ቪዲዮ እንደገና ይክፈቱት። አራተኛው ኢኒንግ ላይ ስላይደር (ወደ ጎን የሚታጠፍ ኳስ) ወርውሮ መቺውን ካሳተ በኋላ የቡድን ጓደኞቹ ሲጮኹለት እሱ ወደ መወርወሪያው ጉብታ ጀርባ ዞረ። ቀኝ እጁን ሁለት ጊዜ አራገፈ። ከዚያ የግራ እጁን ጓንት ብብቱ ሥር ሸጉጦ የቀኝ ክርኑን የውስጥ በኩል በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። አምስት ሰከንድ አይሞላም። ቀጥሎ የወረወረው ስላይደር መሬት ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ እስኪወጣ ድረስ የወረወራቸውን ስላይደሮች ቆጠርኳቸው፤ ሁለት ብቻ ናቸው። ልጁ የሚያመውን ኳስ እየሸሸ ነው። ከካቸሩ (ውርወራውን ከሚቀበለው ተጫዋች) ጀርባ የሚቀመጥ ስካውት የመጣው እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ነው። የፍጥነት መለኪያ ራዳሩን ማንም ሰው ሊይዝለት ይችላል።

ክርን ውስጥ፣ በውስጠኛው በኩል፣ የላይኛውን ክንድ አጥንት ከታችኛው ጋር የሚያስር አንድ ጅማት አለ። እያንዳንዱ ጠንካራ ውርወራ ይህን ጅማት እስከ አቅሙ ጫፍ ይወጥረዋል። ሲላላ ወይም ሲቀደድ «ቶሚ ጆን» የሚባለው ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ የሠሩለት የዶጀርስ ክለብ ፒቸር ስም ነው። ከሰውየው ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ወስደው ክርኑ ላይ ተከሉለት። ቶሚ ጆን በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። በሕይወቱ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የዓለም መጨረሻ አይደለም። ግን ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል።

የልጅዎ ጅማት ተቀዷል እያልኩ አይደለም። ሐኪም አይደለሁም። የጡንቻ ድካም ሊሆን ይችላል፣ የነርቭ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሳምንት ዕረፍት የሚበቃው ነገርም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በስፖርት ክርን ላይ የሚሠራ የአጥንት ሐኪም በኤምአርአይ አይቶ ነው። «ደህና ነኝ» ማለቱ ምንም አይነግርዎትም። በእኛ ቤት ያደገ ወንድ ልጅ «ቻለው» እየተባለ ነው የሚያድገው። ችሎ ችሎ ነው እዚህ የደረሰው። በዚያ ላይ ድራፍቱ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ስካውት ሊያየኝ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ልጅ አመመኝ አይልም።

«ኤምአርአይ ከተነሳና ክለቦቹ ከሰሙ ዋጋው ይወርዳል» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ምክሩ ግን መጥፎ ነው። ክለብ የመረጠውን ፒቸር ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ያስመረምረዋል። ኩማር ሮከርን ያስታውሱ። በ2019 ለቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እየተጫወተ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ላይ 19 ስትራይክአውት አድርጎ አንድም ሂት (መቺው መትቶ ቤዝ የሚደርስበት ምት) ሳይሰጥ የጨረሰው ልጅ ነው። በ2021 የሜትስ ክለብ ሰዎች በ10ኛ ደረጃ መረጡት፤ በ6 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። ከዚያ ሐኪሞቻቸው ክንዱን አዩና ክለቡ ሳያስፈርመው ቀረ። ዓመቱ ባከነ። በ2022 ሬንጀርስ የተባለው ሌላ ክለብ ሰዎች በሦስተኛ ደረጃ መርጠው 5.2 ሚሊዮን ሰጡት፤ በ2023 ቶሚ ጆን ተሠራለት፤ በሴፕቴምበር 2024 ሜጀር ሊግ ገባ። ያ ልጅ ስሙ አገር ያወቀው ስለነበር ተነሳ። የእርስዎ ልጅ ጁላይ ላይ ምርመራ ቢወድቅ ሁለተኛ የሚደውልለት ላይኖር ይችላል። ጉዳቱን ዛሬ ማወቅ ያንን ያድናል።

አሁን ወደ ኢአርኤው። እርስዎ የፈሩት 5.16 እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም። ኢአርኤ፣ በተከላካይ ስህተት የገባው ሳይቆጠር፣ በዘጠኝ ኢኒንግ ስንት ነጥብ እንደገባበት ነው የሚናገረው። በኮሌጅ ደረጃ ይህ ቁጥር ብዙ ነገር ይደባልቃል። ከኋላው ያሉት ተከላካዮች ዘገምተኛ ሆነው ኳሱ ጋ ካልደረሱ ይጨምራል። ሜዳው ጠባብ ከሆነ ይጨምራል። የኮሌጅ መቺዎች የሚጠቀሙት የብረት ዱላ ነው፤ በእንጨት ቢሆን የሚሰበር ምት በብረት ሜዳ ውስጥ ይወድቃል። ሌላም አለ። ልጅዎ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ትቶ ሲወጣና ተተኪው ሲያስገባቸው ነጥቡ የሚመዘገበው በልጅዎ ስም ነው። በላኩልኝ ዝርዝር ውስጥ ይህ አራት ጊዜ ደርሶበታል። ስለዚህ ክለቦች የኮሌጅ ፒቸርን ሲመዝኑ ኢአርኤን ወደ ታች ያወርዱታል። የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ ስንት መቺ ዱላውን ሰንዝሮ ኳሱን ይስታል? ስንቱን በዎክ ይሰዳል? ኳሱ በአየር ላይ ምን ይሠራል?

በዚህ በኩል ልጅዎ እውነተኛ ነገር አለው፤ ይህን ስነግርዎት ደስ እያለኝ ነው። በ68 ኢኒንግ 88 ስትራይክአውት ጥሩ ነው። የመለኪያ ወረቀቱ ደግሞ ምክንያቱን ያሳያል። የፋስትቦሉ መሽከርከር በደቂቃ 2,350 ዙር ነው፤ ለሜጀር ሊግ ፋስትቦል መካከለኛ የሚባለው 2,300 አካባቢ ነው። ይበልጥ ዓይኔን የያዘው ግን 18 ኢንች የምትለዋ መስመር ናት። ኳስ ሲወረወር በመሬት ስበት ይወርዳል። ወደ ኋላ በሚሽከረከርበት ኃይል ደግሞ መውረዱን ይቋቋማል። የልጅዎ ኳስ ይህን የሚያደርገው 18 ኢንች ነው፤ 16 አካባቢ የተለመደ ነው። መቺው ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት የሚመጣን 94 ማይል ኳስ ለማየት ያለው ጊዜ ከሰከንድ ግማሽ ያነሰ ነው። «እዚህ ይወርዳል» ብሎ ዱላውን ያነሳል፤ ኳሱ ከዱላው በላይ ያልፋል። በመጀመሪያው ቪዲዮ ላይ ሦስት መቺዎች በደረት ከፍታ በመጣ ኳስ የወጡት በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ፋስትቦል ሜጀር ሊግ ውስጥም ይሠራል።

ፍጥነቱን ግን ብቻውን አይዩት። 95 ማይል ድሮ ብርቅ ነበር። ዛሬ የሜጀር ሊግ ፋስትቦል አማካይ ራሱ 94 አካባቢ ነው። ስካውቶች የሚጽፉበት መለኪያ ከ20 እስከ 80 ይሄዳል፤ 50 ማለት የሜጀር ሊግ መካከለኛ ማለት ነው። ጤነኛ በነበረበት በማርቹ ልጅ ላይ ሪፖርት ብጽፍ ለፋስትቦሉ 55፣ ለስላይደሩ 50፣ ለቼንጅአፑ (ፋስትቦል መስሎ ቀስ ብሎ ለሚመጣው ኳስ) 40፣ ለቁጥጥሩ 45 እሰጠዋለሁ። በኤፕሪሉ ልጅ ላይ ብጽፍ ቁጥጥሩ 35 ይሆናል፤ ስላይደሩን ደግሞ ስለማይወረውረው መመዘን አልችልም። አንድ ልጅ፣ ሁለት ሪፖርት። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚነግረን ያው ክርኑ ነው።

ቼንጅአፑን 40 ያልኩት ጀማሪ ፒቸር ይሆናል ወይስ በመሐል የሚገባ ተተኪ የሚለውን የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። ጀማሪ ማለት ጨዋታውን ከፍቶ አምስት ስድስት ኢኒንግ የሚሸከም ነው። ያው መቺ ሁለቴ ሦስቴ ይመለስበታል። ሁለት ዓይነት ኳስ ብቻ ካለው ሦስተኛው ዙር ላይ ያውቁበታል። ልጅዎ ከግራ መቺዎች ላይ የሚያመልጥበት ኳስ የለውም፤ ከ41ዱ ዎክ አብዛኛውን የሰጠው ለግራ መቺዎች ነው። ሌላው ጽናት ነው። በኮሌጅ አንድ ጀማሪ በሳምንት አንዴ፣ ብዙውን ጊዜ አርብ ወይም ቅዳሜ፣ ይወረውራል። ፕሮፌሽናል ውስጥ በየአምስት ስድስት ቀኑ ነው፤ ወቅቱም ይረዝማል። በሳምንት አንዴ ወርውሮ በስድስተኛው ሳምንት የደከመ ክንድ ያንን ይችላል ብሎ የሚወራረድ ክለብ አይኖርም። እኔ ዛሬ እንደማየው ልጅዎ ጤነኛ ከሆነ የሜጀር ሊግ ተተኪ ፒቸር የመሆን ተስፋ አለው። ጀማሪ ለመሆን ቼንጅአፑን መሥራት አለበት። ዕድሉ ግን ጠባብ ነው፤ ድራፍት ከሚደረጉት አብዛኞቹ ሜጀር ሊግ ላይ አንዲት ኳስ ሳይወረውሩ ነው የሚያቆሙት።

አሁን «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች» ወደሚለው ቃል። ድራፍቱ ከ2021 ወዲህ 20 ዙር ነው፤ 30 ክለቦች በተራ ይመርጣሉ፤ በጠቅላላው ከ600 በላይ ተጫዋች ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች ለእያንዳንዱ ምርጫ የተመደበ ዋጋ አለ። በሦስተኛው ዙር መጨረሻ እንኳ የተመደበው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። ለዚያ ገንዘብ የሚመረጥ የኮሌጅ ፒቸር ምን እንደሚመስል አንዱን ላሳይዎት። ፖል ስኪንስ በ2023 ለሉዊዚያና ስቴት 122 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ወርውሮ 209 ስትራይክአውት አደረገ። የሰጠው ዎክ 20 ብቻ ነበር። አንደኛ ተመርጦ 9.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። እሱ የመጨረሻው ጫፍ ነው፣ ገባኝ። ግን ከዚያ ወደ ታች እየወረዱ ቢሄዱም በሦስቱ ዙሮች ውስጥ በወቅቱ አጋማሽ ፍጥነቱ የወረደና ክርኑ ያልተመረመረ ፒቸር አያገኙም። ቤትዎ የመጣው ሰው ይህን ካላወቀ ሥራውን አያውቅም። አውቆ ካለ ደግሞ የባሰ ነው።

የእኔ ግምት፦ ክርኑ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘና በሜይ ሁለት ሦስት ጥሩ ጨዋታ ካሳየ ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ዙር፤ እንዳሁኑ ከቀጠለ ከ11ኛው በኋላ ወይም ጭራሽ ያለመመረጥ። ከአሥረኛው ዙር በኋላ ክለቦች ከተወሰነላቸው በጀት ሳይቀነስባቸው መክፈል የሚችሉት እስከ 150,000 ዶላር ነው፤ ብዙ ልጅ የሚያገኘው ግን ከዚያ በታች ነው። ሳይመረጥ ቀርቶ በነፃ የሚፈርምም አለ።

ዙሩ ግን ዕጣ ፈንታ አይደለም። ጄኮብ ዲግሮም በስቴትሰን ዩኒቨርሲቲ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ) ነበር፤ ወደ መወርወሪያው ጉብታ የወጣው በሦስተኛ ዓመቱ ነው። በ2010 በዘጠነኛው ዙር ተመርጦ በ95,000 ዶላር ፈረመ፤ በዚያው ዓመት ቶሚ ጆን ተሠራለት። በ2018 እና በ2019 የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሆኖ «ሳይ ያንግ» የሚባለውን ሽልማት ወሰደ። ታሪክ ስኩባልም ከሲያትል ዩኒቨርሲቲ በ2018 በዘጠነኛው ዙር ነው የተመረጠው፤ እሱም ኮሌጅ እያለ ተሠርቶለት ነበር። «ሳይ ያንግ»ን በ2024 ወሰደ፣ በ2025ም ደገመ። በሌላ በኩል ማርክ አፔል በ2013 ከስታንፎርድ አንደኛ ተመረጠ። ሜጀር ሊግ የገባው በ2022 ነው፣ በ30 ዓመቱ። ቀድሞ የተመረጠ ልጅ ትልቅ ገንዘብ ስለተከፈለበት ክለቡ ብዙ ይታገሠዋል። ዘግይቶ የተመረጠ ትዕግሥት አይጠብቅም፤ ሁለት መጥፎ ወር ካሳለፈ ሊሰናበት ይችላል። ልዩነቱ ይሄ ነው።

«ተመረጠ» ማለት «ሀብታም ሆነ» ማለት የሚመስላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። 150,000 ዶላር ቦነስ ታክሱና የኤጀንቱ ድርሻ ሲወጣለት ወደ 100,000 ይጠጋል። ከዚያ ማይነር ሊግ (ከሜጀር ሊግ በታች ያሉት የማሳደጊያ ሊጎች) ይጀመራል። በ2023 በተፈረመው የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት የዓመት ደመወዙ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ 19,800 ዶላር፣ ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ባለው ትሪፕል ኤ ደግሞ 35,800 ዶላር ነበር። መኖሪያ ክለቡ ይሰጣል። ከታች እስከ ላይ ለመውጣት ለኮሌጅ ፒቸር ሦስት አራት ዓመት የተለመደ ነው። በረጅም የአውቶቡስ ጉዞ፣ በማያውቁት ትንሽ ከተማ፣ አንዱ ጓደኛው ሲሰናበት እያየ። ሜጀር ሊግ ከገባ የ2025 ዝቅተኛ ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር፤ ግን በዚያ ቁጥር ቤት መግዛት የሚጀምር ቤተሰብ ተሳስቷል።

ባለቤትዎ ስለ ዲግሪው የያዙት አቋም የኋላ ቀር ወላጅ ፍርሃት አይደለም፤ ትክክለኛ ስሌት ነው። ግን «ወይ ዲግሪ ወይ ቤዝቦል» የሚለውም ስህተት ነው። ትምህርቱን ሳይጨርስ የሚፈርም ተጫዋች የቀሩትን ሴሚስተሮች ክለቡ እንዲከፍልለት ውል ውስጥ ማስገባት ይችላል። በሜጀር ሊግ የተዘረጋ የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ፕላን አለ። ሁለት ነገር ይያዙ። የሚከፈለው መጠን ከፊርማ በፊት በድርድር የሚወሰን ነው፤ ያልተጻፈ የለም። ሁለተኛ፣ ጨዋታ ባቆመ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርቱን መቀጠል አለበት፤ ካለፈው ጠፋ። ልጅዎ ሁለት ሴሚስተር ነው የቀረው። ይህ በድርድሩ ውስጥ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ያለሱ አይፈርም።

ወደ አራተኛ ዓመት መመለስም ዋጋ አለው። ዛሬ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስለሆነ «ካልከፈላችሁኝ ትምህርቴን እቀጥላለሁ» ማለት ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ይህ አቅም የለውም፤ ክለቦች ያውቁታል፣ ለአራተኛ ዓመት ተማሪ በጣም ትንሽ የሚከፍሉትም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ኮሌጆች ራሳቸው ከ2025 ጀምሮ ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ጥሩ ፒቸር የሚፈልግ ትልቅ ትምህርት ቤት ሊጠራው ይችላል። ከተጠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ክሬዲቱ ያልፋል?» ነው። ትምህርት ቤት ቀይሮ በሁለት ሴሚስተር ሊጨርስ የነበረውን በአራት የሚጨርስ ልጅ አለ።

ኤጀንቱን በሚመለከት፦ ዛሬ ምንም አይፈርሙ። ትምህርቱን ይተው የሚለው ምክር ብቻውን በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ሜይ ላይ ትምህርት መተው ለድራፍቱ ምንም አይጨምርም፤ የተጀመረውን ሴሚስተር ግን ያስበላል። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ተጫዋች ገና ተማሪ እያለ ስለ ፕሮፌሽናል ውል የሚደራደርለት ሰው ላይ ጥብቅ ደንብ አለው። የኦክላሆማ ስቴቱ ፒቸር አንድሪው ኦሊቨር በ2008 አማካሪዎቹ ከአንድ ክለብ ጋር በነበረ ንግግር ስለተገኙ ከጨዋታ ታግዷል። ፍርድ ቤት ሄዶ አሸነፈ፤ ማኅበሩም 750,000 ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ። ልጁ ግን የዚያን ዓመት ጨዋታ አልተመለሰለትም። ደንቡ በየጊዜው ይለዋወጣል። ስለዚህ ከማንም ጋር ከመነጋገርዎ በፊት ልጅዎ ወደ ትምህርት ቤቱ የደንብ ማስከበሪያ ቢሮ ይሂድና በጽሑፍ ይጠይቅ። ሰውየውን ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ በሜጀር ሊግ ተጫዋቾች ማኅበር የተመዘገብክ ነህ? ነኝ ካለ ማኅበሩ ጋ ደውለው ያረጋግጡ።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ልጁ ሐኪም እስኪያየው ድረስ አንድ ኳስ አይወርውር። የሚቀጥለው ጨዋታም፣ ስካውት ይመጣል የተባለው ጨዋታም ይቅር። የትምህርት ቤቱ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው፤ ግን ቡድኑ የማይቀጥረው ሁለተኛ ሐኪምም ይየው። የኤምአርአዩ ቅጂ በእጃችሁ ይሁን።

ጅማቱ ከተቀደደ ዘንድሮ ድራፍቱን ይርሱት። ቀዶ ሕክምናውን ያድርግ፣ እያገገመ ዲግሪውን ይጨርስ። ስፔንሰር ስትራይደር በ2019 ክሌምሰን እያለ ተሠርቶለት በ2020 በአራተኛው ዙር ተመረጠ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ ወቅት 281 ስትራይክአውት አደረገ። ክለቦች የታከመ ክንድ አይፈሩም። የሚፈሩት የተደበቀውን ነው።

ጅማቱ ደህና ከሆነ፣ ዕረፍቱን ጨርሶ ቀስ ብሎ ይመለስ። ከድራፍቱ በፊት ሦስታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ቁጥር ወስኑ። ስልክ ሲደወል ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ ደቂቃዎች ነው፤ ያኔ ማሰብ አይቻልም። ቁጥሩን እኔ ብወስን 300,000 ዶላርና የሁለቱ ሴሚስተር ስኮላርሺፕ እላለሁ። ከዚያ በላይ ከመጣ ይፈርም፤ ባለቤትዎም ያለ ሥጋት ይልቀቁት። ከዚያ በታች ከሆነ ይመለስ። ዲግሪውን ይያዝ፣ ቼንጅአፑን ይሥራ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ22 ዓመቱ ይሞክር። ገንዘቡ ያንሳል፤ ነገር ግን ከተሰናበተ የሚገባበት ሥራ ይኖረዋል።

አንድ ነገር ቀረ። ይህን ውሳኔ ለአሰልጣኙ የሚናገረው ልጁ ራሱ ይሁን። እርስዎ ከደወሉ «አባቱ ከለከለው» ይባላል፤ እሱም ያንን ሸሽቶ ይወረውራል። ዛሬ ማታ ቪዲዮውን አብራችሁ ክፈቱት። አራተኛው ኢኒንግ ላይ ያቁሙት፣ ክርኑን የጫነበትን ቦታ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁትና ዝም ይበሉ። እስኪናገር ይጠብቁት።